«ረን» ሩጫ ብቻ አይደለም፦ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው የማታ እንግሊዝኛ ክፍል እንዴት ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ በሆቴል፣ በጀልባ ወይም በአስጎብኚነት የምትሠሩና እንግሊዝኛችሁ ሰላምታና ዋጋ ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን አንብቧት። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ገባ ብሎ አንድ የማታ እንግሊዝኛ ክፍል አለ። ስሙን አልጽፍም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር ስላለኝ ሰዎቹን በስም ባላነሳ ይሻላል። ጀልባ መነሻው ላይ ያሉትን ልጆች ብትጠይቁ እዚያ የተማረ አይጠፋም፣ ያሳዩአችኋል። እኔ የማስጎብኘት ሥራ ላይ ነኝ። ኮርሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፣ ለከፈልኩት ገንዘብም አልተቆጨሁም።

ቤቱን ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሌላ ቦታ በአንድ ማታ ሃያ ግስ ከነትርጉሙ ሰሌዳ ላይ ይደረደራል፣ ገልብጣችሁ ትወጣላችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል። እዚህ አንድ ግስ ይያዝና ሳምንታት ይቆያል። የኛ ዙር ግስ «ረን» ነበር። አዎ፣ አንደኛ ደረጃ እያለን «መሮጥ» ተብለን የተማርናት ቃል። የመጀመሪያው ማታ ላይ ማጉረምረም ነበር፤ አንዱ ልጅ «ሩጫማ ከኛ በላይ ማን ያውቃል?» ብሎ ክፍሉ ሳቀ። የኃይሌና የደራርቱ አገር ነውና እውነቱን ነው። ችግሩ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። «ረን» በተባለ ቁጥር ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው ሯጭ ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳው ቃሉን ለሞተር፣ ለቧንቧ፣ ለሆቴል፣ ለትኩሳት ሲጠቀምበት ነገሩ ያመልጠናል።

መምህሩ ለምን ይህን ቃል እንደመረጠ ሲያስረዳ የነገረንን ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም እኔንም ያሳመነኝ እሱ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛ እትሙ ሲወጣ፣ ከሁሉም ቃል ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሰት» የሚለው፣ በተለምዶ ማስቀመጥ ብለን የምንተረጉመው ግስ ነበር። አዘጋጆቹ ለቀጣዩ እትም ቃላቱን እንደገና ሲሠሩ ግን «ረን» በለጠው። በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ተለይቶለታል፤ አንድ አዘጋጅ ይህን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ቃሉ ድሮ በዋናነት ለሰው፣ ለእንስሳና ለወራጅ ውሃ ነበር። የኢንዱስትሪ አብዮት ሲመጣ የእንፋሎት ሞተሩም፣ ባቡሩም፣ የፋብሪካ ማሽኑም «ረን» ተባለላቸው። ኮምፒውተር ሲመጣ ፕሮግራሙም ያው ቃል ደረሰው። ዓለም አዲስ የሚንቀሳቀስ ነገር በፈጠረች ቁጥር እንግሊዝኛ ያቺኑ አሮጌ ቃል እየሰጠ እዚህ ደረሰ ማለት ነው።

ታዲያ 645ቱን ሁሉ ማን ይሸመድዳል? ማንም። እንግሊዞቹም አይሸመድዱትም። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቲቸር (ሁላችንም የምንጠራው እንዲህ ነው፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም) ሰሌዳው ላይ ሯጭ አልሳለም። መጀመሪያ ሐይቅ ሳለ። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ጨመረበት። ቀጥሎ ጀልባ፣ ቀጥሎ የተከፈተ ቧንቧ፣ ቀጥሎ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ፣ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠች ሴትዮ። «እነዚህን ሁሉ ምን ያገናኛቸዋል?» አለ። ዝም። ከኋላ አንድ ሸምገል ያሉ ጀልባ ነጂ ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው የሚያዳምጡ። «አይቆሙም» አሉ። ቲቸር ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አባቴ፣ ጨረሱልኝ!» አላቸው። ውሃው አይቆምም፣ ሞተሩ አይቆምም፣ አፍንጫው አይቆምም። የሁሉም ሥር ሳይቋረጥ መሄድ ነው፣ ሩጫ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው።

ከሆቴል የመጣች አንዲት ልጅ ግን አልተዋጠላትም። «ሴትዮዋ እኮ ተቀምጣለች፣ የሷ ምኗ ነው የማይቆመው?» አለችው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲቸር መልሱን በእንግሊዝኛ አልሰጠም። ሰሌዳው ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ጻፈና «አስኪያጅ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረ። «ከምን መጣ?» ሄደ፣ አስኬደ፣ አስኪያጅ። ሥራው እንዲሄድ የምታደርግ ሰው ናት። ሆቴሉ ይሄዳል፣ እሷ ታስኬደዋለች። እንግዳው «ሁ ረንስ ዚስ ሆቴል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ማን ይሮጣል እያለ አይደለም፣ አስኪያጁ ማን ነው እያለ ነው። በየቢሮው በር ላይ ተለጥፎ ስናየው የኖርነው ቃል መልሱን ይዞት ነበር።

እኔ ይህን ኮርስ የምመክረው በዋናነት ለዚህች ማታ ነው። እንግሊዝኛን በአማርኛ የሚያስተምር ሰው ብዙ አለ፤ አማርኛው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ አውቆ ከዚያ ተነስቶ የሚያስተምር ግን ብርቅ ነው። እኛ ጀልባው ሲሄድ «ይሄዳል»፣ ሰውየው ሲነዳው «ያስኬደዋል» እንላለን፣ ግሱ ራሱ ላይ ምልክት እንጨምራለን። እንግሊዝኛ ምልክት አይጨምርም። «ዘ ቦት ረንስ» ሲል ጀልባው ይሄዳል ነው፣ «ሂ ረንስ ዘ ቦት» ሲል ጀልባውን ያስኬደዋል ነው፣ ግሱ ያው ነው። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ከግሱ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ስለዚህ «ረን»ን ስትሰሙ «ሮጠ»ን ትታችሁ «ሄደ»ንና «አስኬደ»ን አስቀድሙ። ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ፣ ስብሰባ ማስኬድ፣ ንግድ ማስኬድ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዚህ በኋላ «ሮጠ» የሚያስፈልጋችሁ እውነትም የሚሮጥ ሰው ሲኖር ነው።

የማይገቡም አሉ፣ ቲቸርም አልደበቀንም። የተነከረ ልብስ ቀለም ሲለቅ «ረን» ይባላል። ጋዜጣ ዜናውን ሲያወጣው «ረን» ይባላል። ለምርጫ መወዳደርም እንዲሁ። «ዊ አር ረኒንግ ሌት» ረፍዶብናል ማለት ነው፤ እየሮጡ መሆን የለባቸውም፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። እነዚህን አንድ በአንድ ከመያዝ በቀር አማራጭ የለም። ግን ሥሩን ከያዛችሁ በኋላ አዲሱ ሲመጣ አያስደነግጣችሁም።

የቤት ሥራው ደግሞ በጣም ወደድኩት። ስለ እንግሊዝኛ አልነበረም። «ያዘ» የሚለውን አማርኛ ግስ በስንት መንገድ እንደምንጠቀምበት ሰብስባችሁ ኑ አለን። ክፍሉ በሚቀጥለው ትምህርት ገበያ መሰለ። ሌባ ያዘ፣ ቦታ ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ በቃሉ ያዘ፣ ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል፣ ዳገቱን ይዘህ ውጣ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ስልኩ ተይዟል። ማናችንም እነዚህን ከደብተር አልተማርንም። እናቶቻችን ዝርዝር ሰጥተውን አያውቁም። አንዱ ከሌላው እየተሳበ መጣ። ቲቸር «የነሱም ረን እንዲህ ነው የመጣው» ብሎ ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ።

አሁን ለሥራችን ወደሚጠቅመው ልምጣ።

ጢስ ዓባይ እንግዳ ወስዶ የሚያውቅ አስጎብኚ ሁሉ በበጋ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ሰውየው ፎቶ ላይ ያየው ሌላ፣ ፊቱ የቆመው ሌላ። ውሃው የት ሄደ ይላል። እኛ ደግሞ «ኤሌክትሪሲቲ፣ ኤሌክትሪሲቲ» እያልን በእጃችን እናሳየዋለን። ነገሩ ሲዘረዘር እንዲህ ነው፦ በበጋ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ከፏፏቴው በላይ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይመራል። የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፣ ሁለተኛው በ2001፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ ራሱ ውሃ ይወስዳል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስንት ግስ ያስፈልጋል? ክፍል ውስጥ በጋራ ያወጣነው ዓረፍተ ነገር አንድ ግስ ነው ያለው። ትርጉሙ፦ በክረምት ፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውሃ በበጋ ተርባይኑን ያዞራል። ሲነገር ደግሞ፦ «ዘ ዋተር ዛት ረንስ ኦቨር ዘ ፎልስ ኢን ዘ ሬይኒ ሲዝን ረንስ ዘ ተርባይንስ ኢን ዘ ድራይ ሲዝን»። ሁለት «ረን»፣ አንዱ ሄደ፣ አንዱ አስኬደ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አሁን በየጉዞው እጠቀምባታለሁ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ። ድሮ እዚያ ላይ ነበር የምንቆመው።

ሌላዋ የትኩሳት ነገር ናት። እዚህ ሐይቅ ዳር ወባ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳ እናት «ማይ ሰን ኢዝ ረኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር» ብትላችሁ ልጇ እያተኮሰው ነው፣ ጉዞው ቀርቶ ጤና ተቋም ነው የሚያስፈልገው። ይህን ያልተረዳ አስጎብኚ ስለ አየሩ ሙቀት እያወራች መስሎት «የስ፣ ቬሪ ሆት» ብሎ ውሃ ሊያቀብላት ይችላል። ቲቸር ይህችን ደጋግሞ ነው ያስጠናን፣ አንድ ሰው ሳይቀር። ልክ ነው።

ስልኬ ላይ አማርኛ የሚተረጉም አፕ አለ። የሱን ነገር የማነሳው ብዙ ልጆች «ኮርስ ለምን? ስልኩ አለ አይደል?» ስለሚሉኝ ነው። ቧንቧ ተከፍቶ ቀርቷል የሚለውን እንግሊዝኛ ስሰጠው «ቧንቧው እየሮጠ ነው» አለኝ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሰጠው አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አጭር ሲሆን ይስታል። እንግዳ ደግሞ የሚናገረው በአጭሩ ነው፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ነፋስ እየነፈሰ። እስክትጽፉት ድረስ ነገሩ አልፏል።

ከግሱ ኋላ የሚመጡት ትናንሽ ቃላት ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው። «ረን አውት ኦቭ» አለቀብን ነው። ሐይቅ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች የምትሠሩ፣ በጾም ወራት ዓሣ ሲያልቅባችሁ «ፊሽ ኖ» ከማለት «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦቭ ፊሽ» በሉ፣ እንግዳው ቅር ሳይለው ሌላ ያዛል። «ረን ስሩ» ከላይ እስከ ታች በአጭሩ ማየት ነው፤ ጠዋት ጀልባው ሳይነሳ ፕሮግራሙን ለእንግዶች ስታስረዱ ከዚህ የተሻለ አነጋገር የለም። «ረን አፕ ኤ ቢል» ሒሳብ ማጠራቀም ነው፣ ሆቴል ቤት ያላችሁ ትሰሙታላችሁ። «ረን ኢንቱ» ድንገት መገናኘት ነው፣ «ረን ኦቨር» ግን መግጨት፣ ያውም ላዩ ላይ መውጣት። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አስተማሪውን መንገድ ላይ አገኘሁት ለማለት «ረን ኦቨር» ብሎ ክፍሉ ጉድ ሲል፣ ቲቸር ራሱ እየሳቀ «እኔ ደህና ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን የሚያምታታ አልነበረም።

አነባበቡንም አጥብቆ ይይዛል። የአሁኑ «ረን»፣ ያለፈው «ራን»፣ ሦስተኛው ተመልሶ «ረን»። እኛ ሁሉንም አንድ ዓይነት ስለምናነብ እንግዳው ዛሬ ይሁን ትናንት አይለይለትም። አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ «ራን» በሉ እያለ አንድ በአንድ ያዞራችኋል። የሚያፍር ሰው መጀመሪያ ይከብደዋል፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይለምደዋል።

ወቀሳዬን ደግሞ ሳልሸፍን ልጻፍ፣ ምክንያቱም ቤቱ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው።

አንደኛ ሰው በዝቷል። ክፍሉ የተሠራው ለጥቂት ሰው ነው፣ የሚመዘገበው ግን ወንበር ሲሞላ አያቆምም። ዘግይታችሁ ከመጣችሁ አግዳሚው ጫፍ ላይ ግማሽ ጎናችሁ አየር ላይ ነው። አንድ በአንድ የማናገር ዘዴ ላለው መምህር ደግሞ ይህ ቁጥር ይጎዳዋል፤ አንዳንድ ማታ ተራ ሳይደርሳችሁ ሰዓቱ ያልቃል። ከፍለን የመጣን ሰዎች ነን፣ ይህ መታሰብ ነበረበት።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም። ቲቸር በስልኩ መብራት ሰሌዳውን እያበራ ይቀጥላል፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ግን የሱ ስልክ የቤቱ መብራት መሆን አልነበረበትም። የሚታደለው ወረቀት ደግሞ የቅጂ ቅጂ ነው፣ ከታች ያሉት ሁለትና ሦስት መስመሮች አይነበቡም። ለወረቀቱ ለብቻ ስለምንከፍል ይህ በጣም ያናድዳል። ምዝገባ ላይ የምትቀመጠው ልጅም ስትጠየቅ ቀና ብላ ብትመልስ መልካም ነበር።

ከትምህርቱ በኩል ትልቁ ጉድለት ማዳመጥ ላይ ነው። የምንሰማው የቲቸርን ድምፅ ብቻ ነው፣ የሱ እንግሊዝኛ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ቀስ ያለ ነው። ወደ ጀልባው የሚመጣው ጣሊያን፣ ቻይና፣ አሜሪካዊ እንደሱ አይናገርም። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገዝተው የተለያየ ሰው ሲናገር ቢያሰሙን ኖሮ ትምህርቱ ሌላ ደረጃ ይደርስ ነበር። የእንግሊዝና የአሜሪካንም ልዩነት በጨረፍታ ነው ያለፈው። ለምሳሌ ለምርጫ መወዳደርን አሜሪካኖቹ «ረን» ሲሉት እንግሊዞቹ «ስታንድ» ይላሉ፣ አንዱ ይሄዳል አንዱ ይቆማል፣ ትርጉሙ ግን አንድ! እንዲህ ያለው ነገር ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባው ነበር። እነዚያ ትናንሽ ቃላትም የመጨረሻው ሳምንት ላይ ተጨናንቀው ነው የተሰጡት። ለሥራችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉን እነሱ ሆነው ሳለ።

ይህን ሁሉ ብዬም ሂዱ ነው የምለው። ከዚህ በፊት የተማርኩበት ሌላ ቤት ወንበሩ ምቹ ነበር፣ ወረቀቱ ጥርት ያለ ነበር፣ የአንድን ግስ አርባ ትርጉም በዝርዝር ሰጥተው ፈተኑን፣ ፈተናውን ካለፍን በኋላ ግን ማናችንም አንዱንም አፋችን ላይ አላገኘነውም። እዚህ ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ቃሉ ግን ይገባል። እኚያ ጋቢ የሚለብሱት ጀልባ ነጂ ኮርሱ ሳያልቅ እንግዶች ሲጭኑ አይቻቸዋለሁ። አንዲት ሴት ሞተሩን እያየች «ዳዝ ኢት ረን ዌል?» አለቻቸው። እሳቸው ማንንም ሳይጠሩ፣ ማንንም ሳያዩ «ኢት ረንስ ቬሪ ዌል፣ ማዳም፣ አይ ረን ኢት ማይሰልፍ» አሏት። ሄደም አስኬደም በአንድ መልስ ውስጥ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ እጃቸውን ይዛ ወደ ጀልባው ገባች።

ለሚሄድ ሰው፦ ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ከ12 ሰዓት ነው፣ ለሆቴል ሠራተኞች ግን ፈረቃ ሲቀየርባችሁ ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ አለ፣ ጠይቁ፣ ራሳቸው አይነግሯችሁም። ወርኃዊ ክፍያው ሁለት ሰው ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቶ ቡና ጠጥቶ ከሚከፍለው ብዙም አይበልጥም። ለጀልባ ሠራተኞች ቅናሽ አለ፣ የማኅበር መታወቂያ ያዙ። ደብተር ትልቁን ግዙ። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ወንበሩም ሰሌዳውም ደህና ነው። ቀጣዩ ዙር «ጌት» በሚለው ግስ ላይ እንደሚሆን ቲቸር ነግሮናል፣ እኔም ተመዝግቤያለሁ።